ማንንም የማይጠይቀው ልጅ

እኔ ስናገር የማያውቀኝ ሰው የተጣላሁ ይመስለዋል። አልተጣላሁም፤ ድምፄ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ከልብስ ማጠቢያ ማሽን ጋር እየተሽቀዳደምኩ ያወራሁ ሴት ነኝ፤ ቀስ ብዬ ልናገር ብል እንኳ አይሆንልኝም። አፌ እንጂ ልቤ ክፉ አይደለም። ስለ እህቴ ሳወራ ግን ድምፄ ሳላውቀው ዝቅ ይላል፤ ያኔ ደንበኞቼ “ምነው፣ አመመሽ እንዴ?” ይሉኛል።

እህቴን ሰፈሩ የሚያውቃት ፍልቅልቋ ብሎ ነው። ወላጆቻችን ያወጡላት ስም ነበራት፤ ግን የእኔ ላውንደሪ ገብታ ባንኮኒው ጀርባ ከቆመች ወዲህ በዚያ ስም የሚጠራት ጠፋ። እናታችን ቶሎ ስላረፈች ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አንድ ክፍል ቤት ነበረን፤ እሷ በግድግዳው በኩል፣ እኔ በበሩ በኩል ሆነን አንድ ብርድ ልብስ እየተሻማን ነው ያደግነው። ብርድ ልብሱን ሁልጊዜ የምታሸንፈኝ እሷ ነበረች፤ ፈገግ ስትልብኝ አንጀቴ አይችልም።

ፊቷ ሚስጥር አያውቅም። ካርታ ስንጫወት ጥሩ ካርታ ከደረሳት ገና ሳትዘረጋው ቅንድቧ ይነግረናል። ለላውንደሪ ግን እንዲህ ያለ ፊት ሀብት ነው። አንድ ቀን የአንድ ሰውዬ ነጭ ሸሚዝ ከቀይ ካልሲ ጋር ገብቶ ሮዝ ሆኖ ወጣ። ሰውየው ሸሚዙን እያውለበለበ ሲገባ እኔ ገና ከሩቅ ለጠብ ተዘጋጅቻለሁ። እሷ ሸሚዙን አየችው፣ ሰውየውን አየችው፣ ፊቷ የራሷ ሸሚዝ የተበላሸ ያህል ጭፍግግ አለ። ከዚያ ሸሚዙን አንስታ ደረቱ ላይ ለካችለትና የከንፈሯ ጫፍ በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰውየው ሳቀ። ሊደበድበን የገባ ሰው ሁለት ሱሪ ጨምሮ ሰጥቶን ወጣ።

ባሏም የተገኘው በዚሁ ባንኮኒ ነው። የከተማ አውቶብስ ሾፌር ነው፤ ትዕግሥተኛ፣ ንግግሩ በልክ። የደንብ ልብስ ኮቱን ሊያሳጥብ መጥቶ እህቴን ይዞ ሄደ፤ ኮቱን ግን ረሳው። እስከ ዛሬ በዚህ ነው የምቀልድበት።

ወንድ ልጅ ተወለደላቸው፤ እልል ብለን ተቀበልነው። ነገሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ አመጣጡም በግርግር አይደለም። ቢጮህ እኮ እሰማው ነበር! እህቴ የሚጎድላት ሥራ የለም። ልጁን ጡት ታጠባለች፣ ገላውን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ቤቷ ይጸዳል። ግን ስታጠባው ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነው። ስታናግረው ድምፇ እንደ ረገበ ገመድ ነው፤ ከፍ አይል፣ ዝቅ አይል። “ምን ሆንሽ?” ስላት “ምንም፣ ደክሞኝ ነው” ትለኛለች። አራስ አይደለች? ደክሟት ነው ብለን ተውናት። ከአራስነት ከወጣች በኋላም ደክሟት ነው አልን። እሷ መድከሟን አልተወች፣ እኛም ማለታችንን አልተውንም።

ልጁ መጀመሪያ አካባቢ ይሞክር ነበር፤ ይሄን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ቀና ብሎ ያያታል፣ ፈገግ ይላል፣ ይጠብቃል። ምንም የለም። “እንጉ” ይላል፣ ይጠብቃል። ምንም የለም። እጁን ያወራጫል፣ እንደገና ያያታል። ከዚያ ቀስ በቀስ መሞከሩን ተወው። ስታቅፈው ዓይኑ በትከሻዋ በኩል አልፎ መስኮቱ ላይ ይሆናል።

እኛ ታዲያ ምን አልን? “እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!” አልን። ጎረቤት ሲመጣ “አያለቅስም? አያስቸግርም? ታድለሽ!” እያለ ይሄዳል። እኔም በአቅሜ ኮራሁ፤ በእኛ ዘር ጸጥተኛ ሰው ተገኝቶ አያውቅማ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ይህን ያለው ሰው ሕፃን ልጅ አላሳደገም። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ልጁን አንስቶ ጉንጩን ሲቆነጥረው ልጁ ሳይስቅም ሳያለቅስም ትክ ብሎ አየው። “ኧረ ይሄ ልጅ አይደለም፣ ዳኛ ነው! በል ፍርድህን ስጠን ጌታው!” ሲል ቤቱ ሙሉ ሳቅ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳኛው ተባለ። ከሁሉም ጮክ ብዬ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

ቆይተን ግን የእህቴ ሐዘን ገባን። ሲገባን ደግሞ የባሰ ነገር ሠራን። እሷ አዝና እኛ ብንስቅ ነውር መስሎን ፊታችንን ጨፈገግን። እሷ ባለችበት አትሳቁ ብዬ ሕግ ያወጣሁት እኔው ነኝ። ደንበኛ ቀልድ ሲጀምር በዓይኔ እጠቅሰዋለሁ፤ ነገር በዓይን ይገባል፣ ሰውየው ዝም ይላል። ባሏ ለልጁ በከንፈሩ የአውቶብስ ድምፅ ያሰማው ነበር፤ እሷ ስትገባ ግን አፉን ይዘጋል። በሹክሹክታ እናወራለን፣ በእግራችን ጫፍ እንራመዳለን። አክብሮት መስሎን ነው። ያ ልጅ የእናቱ ፊት ቢጠፋው እንኳ የሚያየው ሌላ ፊት እንዳያገኝ ሁላችንም ተባብረን መጋረጃ ዘጋንበት።

ሥራ ይሻላታል ብዬ ልጁን ይዛ ወደ ላውንደሪው እንድትመለስ አደረግኩ። አንድ ረፋድ ላይ አንዲት ደንበኛ የልጃችን እኩያ የሚሆን ልጅ ይዛ መጣች፤ ልጇን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ በአንድ እጇ ደግፋ መጋረጃዎቿን ታስቆጥራለች። የእኛው ዳኛ ወለሉ ላይ ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል። በዚህ መሃል የእንፋሎት መተኮሻው ፍሽሽሽ! ብሎ ለቀቀ። የሴትዮዋ ልጅ ክው አለ፤ ከንፈሩን ጣለ፤ ግን ከማልቀሱ በፊት ዞር ብሎ የእናቱን ፊት አየ። እሷ ቆጠራዋን እንኳ ሳታቋርጥ “አይዞህ! ፍሽሽ አለ አይደል?” አለችና ፈገግ አለችለት። ልጁ መተኮሻውን አየ፣ እሷን አየ፣ ደግሞ መተኮሻውን አየና ፍርፍር ብሎ ሳቀ።

የእኛም ደንግጧል። ትከሻው ወደ ጆሮው ወጥቷል፣ ጣቶቹ ተጨብጠዋል። ግን ወደ ማንም አልዞረም። እዚያው እንደተቀመጠ የራሱን ጉልበት እያየ ድንጋጤው እስኪያልፍለት ጠበቀ።

ሴትዮዋ ስትሄድ እህቴ ደረሰኙን በእጇ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

“እትዬ፣ አየሽ?”

“ምኑን?”

“ያ ልጅ እናቱን ጠየቃት። ያስፈራል ወይ ብሎ ጠየቃት፣ አያስፈራም አለችው። የኔ ማንንም አይጠይቅም።” ደረሰኙን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና፣ “መልስ እንደሌለ አውቆ ነው” አለች።

 እኔ ደግሞ ሳዝን አፌ ነው የሚቀድመኝ። “እና መልስ ስጪዋ! ሳቂለት! ሳቅ ጠፍቶብሽ ነው? አንቺ እኮ ፍልቅልቋ ነሽ!” ብዬ ጮህኩባት። እህቴ እሺ አለች። እሺ ማለቷ ነው የሚያሳዝነኝ። ልጁን አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ከንፈሯን ወደ ጎን ሳበችው። ጥርሷ ታየ፤ ዓይኗ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ ባዳነቱን ሕፃኑም አወቀው። ከአንገት በላይ የሆነውን ፈገግታ ትንሽ አየው፣ አየውና ቀስ ብሎ ፊቱን አዞረ። እሷም ሳቋን አጠፈችና ልጁን ምንጣፉ ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

በሌላ ቀን አንሶላ እያጠፍን ነው። አንሶላ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ጫፍና ጫፉን ይዘን ወደ መሃል እየተቀራረብን፣ እየተራራቅን ነው የምናጥፈው። ስንቀራረብ፣

“ለእማማ ደውያለሁ” አለችኝ።

እማማ የባሏ እናት ናቸው፤ ሌላ ከተማ ነው የሚኖሩት። ደግ ሴት ናቸው፤ ልጅ ማሳደግ እንደ መተንፈስ ነው የሚቀልላቸው።

“ደግ አደረግሽ። ሊጠይቁሽ ይመጣሉ?”

“ልጁን ይወስዱታል። ወሩ ሲያልቅ ይመጣሉ። እዚያ ያድጋል።”

አንሶላውን ለቀቅኩት። “ልጅ እንደ ብርድ ልብስ ለሰው ተልኮ የሚመለስ መሰለሽ? ምን ነካሽ? ጠላሽው?”

“አልጠላሁትም፣ እትዬ።” የወደቀውን አንሶላ ጫፍ አንስታ ሰጠችኝ። “እንደምወደው አውቃለሁ፤ ግን አይሰማኝም። እጅሽ ተጫጭኖሽ ሲደነዝዝ እጅ እንዳለሽ ታውቂ የለ? ግን አይሰማሽም። እንደዚያ ነው። እኔ ጋ ሲቆይ የእሱም ፊት እየጠፋ ነው። እዚያ የሚስቅለት ሰው አለ። ሳይዘገይ ይሂድ።”

 ባሏን ላውንደሪው ጀርባ ይዤ ጮህኩበት፤ “አንተ ምን ትላለህ? መሪ መያዝ ብቻ ነው የምታውቀው?” አልኩት። ቆቡን በእጁ እያዟዟረ፣ “እኔ ሁለታቸውንም ነው የምፈልገው፣ እትዬ” አለኝ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ከዚያ በላይ መጮህ አልቻልኩም።

የክትባት ቀኑ ደረሰና አብሬያት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተሯ ወጣት ናት፤ ጫማዋን እየጎተተች የምትራመድ፣ እንቅልፍ ያነሳት የምትመስል። ልጁን ወጋችው። ሌላው ልጅ ሲወጋ ሰፈር ይቀውጣል፤ የእኛው ትንሽ ተነጫነጨና ዝም አለ። እኔም እንደ ልማዴ “ጨዋ ልጅ ነው” አልኩ። ሲስተሯ መልስ አልሰጠችኝም። ካርዱን ፊቷ ላይ ጋርዳ “ኩኩ!” አለችው። አየት አደረጋትና ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። እንደገና ሞከረች። ከዚያ ልጁን ትታ ወንበሯን ወደ እህቴ አስጠጋች።

“አንቺስ? አንቺ እንዴት ነሽ?”

ልብ በሉ፣ ከወለደች ጀምሮ መልሱን ሊሰማ ብሎ ይህን ጥያቄ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሁላችንም “ልጁ እንዴት ነው?” ስንል ነው የከረምነው።

“ደህና ነኝ” አለች እህቴ።

“እንቅልፍ ይወስድሻል?”

“ልጁ ሲተኛም አይወስደኝም።”

“ታለቅሻለሽ?”

“ማልቀስ ቢመጣልኝማ ደስ ይለኝ ነበር።”

ሲስተሯ እጇን ያዘችው። “ይሄ በሽታ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ነው። ሰነፍ ስለሆንሽ ወይም ክፉ እናት ስለሆንሽ አይደለም፤ ብዙ እናቶችን ይይዛል፣ ይታከማል።”

እኔ እንግዲህ አላስችል አለኝ። “ትኩሳት የላት፣ ሳል የላት! ድብርትማ እኔንም እሁድ እሁድ ይጫጫነኛል።”

“የእርስዎ እሁድ ብቻ ነው፣ እናቴ” አለችኝ ሲስተሯ። “የሷ ሰኞም ማክሰኞም እሁድ ነው።”

 እህቴ ሲስተሯን ቀና ብላ አየቻት።

ሲስተሯ ስለ ልጁ ስትነግረን ቀለል አድርጋ ነው። ልጅ ቃል ከማወቁ በፊት ፊትና ድምፅ ነው የሚያዳምጠው አለች። አዲስ ነገር ሲያይ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ምን ላድርግ ብሎ የሚጠይቀው የሚያሳድገውን ሰው ፊት ነው። መልሱ ሲዘገይበት መጠየቁን ይተዋል፤ የሌሎች ሰዎች ሳቅና ቁጣም ይደበላለቅበታል። “ግን ገና ሕፃን ነው። መልስ መምጣት ከጀመረ እሱም መጠየቅ ይጀምራል። ለመሆኑ ቤት ውስጥ የሚስቅለት ማነው?”

እኔ ጫማዬን አየሁ።

“እኛ እንኳ… እሷ እንዳይከፋት ብለን…” አልኩ።

“እናንተ ቤቱን ለቅሶ ቤት አድርጋችሁታላ!” አለች። ሌላ ሰው ቢናገረኝ ኖሮ ያን ቀን ጤና ጣቢያው አይበቃንም ነበር። እውነት ስለሆነች ግን ዋጥኳት።

እህቴ ያን ጊዜ፣ “ለአያቱ ብሰጠውስ?” ብላ ጠየቀች።

“እኔ ብሆን አያቱ ወዳንቺ ይምጡ እላለሁ እንጂ ልጁ ይሂድ አልልም። ግን ውሳኔው ያንቺ ነው።” ወደ ሐኪም የምትልካትን ወረቀት ጻፈችላትና ልንወጣ ስንል እኔን ጠራችኝ። “ሳቂ አትበሏት። የመጣላትን ነገር ታሳየው። ምንም ይሁን፣ የራሷ ይሁን።”

ሐኪሙ መድኃኒት ሰጣት፤ እየተመላለሰች የምታነጋግራት ባለሙያም ተገኘች። እኛ ደግሞ መጋረጃችንን ገለጥን። አቤት፣ እኔ ደስታዬ! ሕጌን ሽሬ ድምፄን ለቀቅኩት። የትራስ ልብስ ራሴ ላይ አጥልቄ ከባንኮኒው ሥር ብቅ እልበታለሁ። ባሏ ከሥራ ሲመለስ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በትንሽ እጁ መሪ ያስይዘዋል፤ “ፒጵ! ፒጵ! ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ! ኧረ አባባ ቅርጫትዎን ያንሱ!” እያለ ቤቱን አውቶብስ ያደርገዋል። ልጁ መጀመሪያ ግራ ገባው። አንዱን ፊት አይቶ ሳይጨርስ ሌላ ፊት ይመጣበታል፤ ሳቃችን አስደንግጦትም ያውቃል። ውሎ አድሮ ግን የአባቱን ከንፈር ማየት ጀመረ። አንድ ምሽት አባቱ ፒጵ ማለቱን ቢተው ልጁ ጠበቀ፣ ጠበቀና ራሱ “ፕፕፕ” አለና ሳቀ።

እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት። እህቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

“አየሽ?” አለችኝ ኋላ፣ ልብስ ስንሰቅል። “ከኔ ሌላ ሰው ጋ ሲሆን ልጅ ይሆናል።”

“አንቺም እየተሻለሽ ነው እኮ! ትተኚያለሽ። ያቺ ሴትዮ የውሻዋን ካፖርት ልታሳጥብ ስትመጣ በአፍንጫሽ ስቀሻል፣ ሰምቼሻለሁ።”

“ለውሻ ካፖርት ሳቅ መጣልኝ። ለልጄ ግን ሳየው እፈራለሁ፤ ያንን ባዶ ፊት እንደገና እንዳላሳየው። ፊት ነስቼው ከምኖር ይሂድ።” እውነቷን ነው፤ ስታለብሰው እንኳ ጎንበስ ብላ ቁልፉን ነው የምታየው። ሐኪም ተገኘ፣ መድኃኒት ተገኘ፣ ልጁ ሳቀ፤ እሷ ግን ከሐሳቧ ፍንክች አላለችም። ወሩም እያለቀ ሄደ።

እማማ የመጡበት ቀን ከሰዓት ላይ ነው። ልጃቸው ከመናኸሪያ ተቀብሎ በቀጥታ ወደ ላውንደሪው አመጣቸው። ጠይም፣ ድብልብል ያሉ ሴት ናቸው፤ ጉልበታቸውን እያሻሹ ገቡና ሁላችንንም አገላብጠው ሳሙን። የልጁ ልብስ ባንኮኒው ላይ ተዘጋጅቷል። እህቴ ራሷ አጥባ፣ ራሷ ተኩሳ ነው ያጣጠፈችው። ካልሲ ይተኮሳል? ያን የአውራ ጣት የሚያካክል ካልሲ ሁሉ ተኩሳዋለች። እኔ አንድ ቃል ብናገር አገር እንደሚፈርስ ስላወቅኩ ከወዲያ ጥግ ሆኜ የሆቴል አንሶላ ብቻዬን አጥፋለሁ። ብቻን አንሶላ ማጠፍ እንዴት እንደሚያናድድ የሞከረው ያውቀዋል።

ከባንኮኒው ጎን ወደ ማጠቢያው ክፍል የሚወርድ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። ልጁ መዳህ ከጀመረ ወዲህ በረጅሙ አግዳሚ ወንበር ነበር የምንዘጋው። ባሏ አግዳሚውን አንስቶ እናቱን አስቀመጠበት። እሳቸው ስለ መንገዱ ያወራሉ፤ እህቴ ሻንጣውን ለመዝጋት ከዚፑ ጋር ትታገላለች። ዚፑ እንቢ ብሏታል፤ ወይም እሷ ናት እንቢ ያለችው፣ አላውቅም።

ቀና ስል ልጁ ደረጃው አፋፍ ላይ ነው።

ታች ማሽኑ ውሃ እየለቀቀ አረፋው መሬቱ ላይ ይንሳፈፋል፤ እሱን ሊይዝ ነው የሄደው። ከእኔም፣ ከአባቱም፣ ከእናቱም እኩል ርቋል። ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ያ ሰፈር የሚያውቀው ድምፄ፣ በተፈለገበት ሰዓት እምቢ አለኝ። ልጁ አንድ እጁን ወደ ባዶው ዘረጋና መሬት አጣ። እጁ አየር ላይ ቀረ።

ከዚያ ቀና አለ። ዞረ። ዓይኑ እኔ ላይ መጣ፣ አለፈኝ። አባቱን አለፈ፣ አያቱን አለፈ። እናቱ ጋ ሲደርስ ቆመ።

እሷም በዚያው ቅጽበት ቀና ብላ አየችው። ያን ፊት ብሞት አልነግራችሁም፤ ማለት፣ መንገር አልችልም። ዓይኗ ፈጠጠ፣ ቅንድቧ ወደ ላይ ሄደ፣ ደሟ ከፊቷ ሸሸ፣ አፏ ተከፈተ። “አይ!” ያለችው እንደ መተንፈስ ያህል ነው። ፍርሃት ነበር፤ ከእግር ጥፍሯ የመጣ ፍርሃት። ልጁ ያን ፊት አየ። የራሱም ዓይን ፈጠጠ። አየር ላይ የነበረውን እጁን ሰበሰበ፣ ወደ ኋላ ዘፍ ብሎ በመቀመጫው ተቀመጠ፣ ከዚያ ሁለት እጁን ወደ እሷ ዘርግቶ አለቀሰ። ያ ሲወጉት ያላለቀሰ ልጅ ጣራ እስኪነቃነቅ አለቀሰ።

እህቴ ባንኮኒውን በላዩ ትለፍ በጎኑ እኔ አላየሁም። ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ነው ያየኋት። እንባዋ ይወርዳል።

“እትዬ፣ ፈራሁ እኮ!” ትላለች። “ፈራሁ! ልቤ ይመታል፣ ነይ ንኪኝ! ሊወድቅብኝ ነበር፣ ፈራሁ!” ሰው ምሥራች ሲናገር እንደዚህ ነው የሚናገረው።

ሄጄ ደረቷን ነካሁት። ይመታል። የማን እንደሆነ ግን አልለየሁም፤ የእሷ ይሁን የልጁ። ባሏ ሮጦ ደረሰና ደረጃውን በሰውነቱ ጋርዶ ከጎኗ ተንበረከከ፤ ራሱን ትከሻዋ ላይ አስደገፈ።

“ጠየቀኝ” አለችው። “አየኸው? እኔን ጠየቀኝ።”

“አየሁት።”

ከዚያ ቀና ብላ እማማን አየቻቸው። “እማማ፣ ከዚያ ድረስ አስመጥቼዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ። አልሰጥዎትም።”

አሮጊቷ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። አግዳሚውን እየጎተቱ መጥተው ደረጃው አፋፍ ላይ አጋደሙትና እዚያው ላይ ተቀመጡ። “ማን ጠየቀሽ?” አሉ። “ይልቅ የሱን ልብስ እንዲህ ያጣጠፍሽ፣ እኔ የምተኛበትን አሰናድተሻል ወይ? ጉልበቴ በዚህ ሳምንት አውቶብስ አይወጣም።” ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱት። እኔ ድምፄ የተመለሰልኝ ያን ጊዜ ነው፤ ምን እንዳልኩ ግን አላስታውስም፤ ብቻ መንገደኛ ሁሉ በመስኮት አየን።

እህቴ እኛን አልሰማችም። ልጁ አሁንም ያለቅሳል። አልሳቀችለትም፣ እሹሩሩም አላለችው፤ እንባዋን እንኳ አልጠረገችም። ከደረቷ ትንሽ አራቅ አድርጋ ፊቱን ወደ ፊቷ አመጣችውና፣

“ፈራህ አይደል?” አለችው። “እኔም ፈርቻለሁ፣ የኔ ጌታ።”

እሱም እየተንሰቀሰቀ ቀና ብሎ አያት።